የድራውፓዲ ጥያቄ በትርጉምም ይሰማል፦ «ማሃባራታን በእንግሊዝኛ አታንብቡ» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ባለፈው ወር አንድ ጽሑፍ ከሦስት ወዳጆቼ በተለያየ ቀን ደረሰኝ። ሦስቱም «ይሄን አይተኸዋል?» ብለው ነው የላኩልኝ። ርዕሱ «ማሃባራታን በእንግሊዝኛ ማንበብ ጊዜ ማባከን ነው» ይላል። ለምን ለእኔ እንደላኩት ይገባኛል። ያንን መጽሐፍ ከሁለት ዓመት በላይ ቅጽ በቅጽ በቦርሳዬ ይዤ ስዞር አይተውኛል። ታክሲ ውስጥ አነባለሁ፣ ወረፋ ላይ አነባለሁ። አንደኛው ወዳጄማ «አሁንስ ምን ልትል ነው?» ብሎ ጨመረበት። የምለው አለኝ።

ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕር አላቸው። የሚሉትንም ከልባቸው ነው የሚሉት። ስማቸውን አላነሳም፤ ክርክሬ ከሐሳቡ ጋር ነው።

ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ልንገር። ማሃባራታ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የተደረሰ ረጅም ታሪክ በግጥም ነው። 18 መጻሕፍት አሉት። በልማድ 100,000 ሽሎካ አለው ይባላል፤ ሽሎካ ማለት ጥንድ ስንኝ ነው። የሆሜር ሁለቱ ግጥሞች አንድ ላይ ቢደመሩ እንኳ ሰባት እጥፍ ያህል ይበልጣቸዋል። ነገሩ የአንድ ቤተሰብ ጠብ ነው። አምስቱ የፓንዱ ልጆችና መቶው የአጎታቸው ልጆች በዙፋን ይጣላሉ። ቁማር ይገባል። አምስቱ ያላቸውን ሁሉ ያጣሉ፣ ጫካ ይሰደዳሉ፣ ዘመናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ድርሻቸውን ይከለከላሉ። ከዚያ 18 ቀን የሚፈጅ ጦርነት ይሆናል። ያሸነፉትም በድላቸው አይደሰቱም። ብዙ ሰው በስም የሚያውቀው ባጋቫድ ጊታ የዚሁ መጽሐፍ አንድ ክፍል ነው፤ 700 ሽሎካ ብቻ።

ጸሐፊው የሚሉት አምስት ነገር ነው። ሳንስክሪት የማያውቅ ሰው ማሃባራታን አነበብኩ ማለት አይችልም፤ ግጥም በትርጉም ይሞታል። የእንግሊዝኛው ትርጉም የቅኝ ገዢዎች ሥራ ስለሆነ ሕንድን በእንግሊዝ መነጽር ነው የሚያሳየን። ተርጓሚዎቹ እርስ በእርስ አይስማሙም፣ ዋናው ጽሑፍ ራሱ አንድ አይደለም፣ ስለዚህ «ይሄ ነው» የሚባል መጽሐፍ የለም። ማንበብ ግድ ከሆነ 300 ገጽ የሚሆን ማጠቃለያ ይበቃል፤ የቀረው ካህናት እያደር የጨማመሩት ምክርና የዘር ሐረግ ነው። በመጨረሻም መጽሐፉ የዘር መደብ ልዩነትና የሴት ጭቆና የሞላበት የሌላ ሕዝብ እምነት ነውና ለዛሬ ኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚሰጠው የለም። ሐሳባቸውን ያዛባሁባቸው አይመስለኝም።

በመጀመሪያው ልጀምር። ግማሹን እቀበላለሁ። አንድ ሽሎካ 32 ቀለም አለው፤ ስምንት ስምንት ቀለም እየሆነ በአራት ይከፈላል። በቃል ሲወርድ ልክ እንደ እርምጃ ነው። እኛ የወል ቤት ግጥም ስናነብ ስድስተኛው ቀለም ላይ ትንፋሻችን ሳናስበው ያርፋል አይደል? እንደዚያ ነው። ይህ ወደ እንግሊዝኛ አይሻገርም። የሞከሩ ነበሩ። ሮሜሽ ቹንደር ደት የተባሉ የቤንጋል ሰው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታሪኩን እጅግ አሳጥረው ቤት በሚመታ የእንግሊዝኛ ግጥም አቅርበውታል። ደስ የሚል ነገር አለው። የሚሰማው ዜማ ግን የዚያ ዘመን የእንግሊዞች ዜማ ነው።

ግጥሙ ይጎዳል ማለት ግን መጽሐፉ ይሞታል ማለት አይደለም። ይህን ያወቅኩት ገና በልጅነቴ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የሒሳብ መምህራችን ከኬራላ የመጡ ሕንዳዊ ነበሩ። ያኔ የሕንድ መምህራን በየትምህርት ቤቱ ነበሩ፤ በእኔ ዕድሜ ያለ አንባቢ ቢያንስ አንዱን ያስታውሳል። አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መማር አልተቻለም። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጡና በዴስኮቹ መካከል ቆመው የኤካላቪያን ታሪክ ጮክ ብለው ነገሩን። ኤካላቪያ የጫካ ሰዎች ልጅ ነው። የመሳፍንቱን ልጆች ቀስት የሚያስተምረው ድሮና ዘንድ ሄዶ «አስተምረኝ» ይለዋል። ድሮና በዘሩ ምክንያት አልቀበልም ይላል። ልጁ ጫካ ተመልሶ የድሮናን ምስል በጭቃ ሠራ፤ እሱን እንደ መምህሩ እያየ ብቻውን ተለማመደ። ከሁሉም የበለጠ ቀስተኛ ሆነ። ድሮና ይህን ሲያይ «መምህርህ ከሆንኩ ዋጋዬን ክፈል» አለው። የጠየቀው ዋጋ የቀኝ አውራ ጣቱን ነው። ልጁ ቆርጦ ሰጠው።

መምህራችን ሲጨርሱ «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። መልሱን አልነገሩንም። እኛ ሁለት ቦታ ተከፍለን ደወሉ እስኪደወል ተከራከርን። እሳቸው ቤታቸው የሚናገሩት ማላያላም ነው። እኛ አማርኛ። በመካከላችን የነበረው የእሳቸውም የእኛም ያልሆነ እንግሊዝኛ ነው፤ የእኛው ደግሞ የተሰባበረ። በጸሐፊው መለኪያ ያን ቀን ማሃባራታን አልሰማንም። እኔ ግን የተቆረጠው ጣት እስከ ዛሬ ይታየኛል።

ሌላም ነገር አለ። መዝሙረ ዳዊት ወደ እኛ የመጣው ከዕብራይስጥ ወደ ግሪክ፣ ከግሪክ ወደ ግእዝ ተመልሶ ነው። ዕብራይስጥ የማያውቅ ሰው ዳዊት አልደገመም ብሎ የተከራከረ ሰው አላጋጠመኝም። የሕንድን ነገር በቀጥታ ካነሳን ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም አሉ። እኒህ ሰው በ16ኛው ክፍለ ዘመን «በረላም ወይዋስፍ»ን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መልሰውታል። የዚያ መጽሐፍ ጥንተ ነገሩ የቡድሃ ሕይወት ነው። በሽታን፣ እርጅናን፣ ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ተደብቆ ያደገው ልዑል ታሪክ። ከሕንድ ተነሥቶ፣ በፋርስና በዓረብ አልፎ፣ በመንገድም ክርስቲያን ሆኖ ገዳማችን ገባ። ምን ያህል እንደተለወጠ አስቡት። ልዑሉ ግን ከቤተ መንግሥቱ ሲወጣ ያው ሽማግሌ፣ ያው በሽተኛ ይገጥመዋል። አባቶቻችን ይህን ሲመልሱና ሲያነቡ ጊዜ አባከኑ ልንል ነው?

ጸሐፊው «ዳርማ የሚለውን ቃል ማን ይተረጉመዋል?» ብለዋል። እውነት ነው፣ ከባድ ነው። ሕግ ነው፣ ሥርዓት ነው፣ ግዴታ ነው፣ ጽድቅ ነው፤ አንዱም ብቻውን አይበቃውም። ተርጓሚዎቹም ተቸግረውበታል። የቺካጎው ቫን ባይተነን «ሕግ» ብሎ ተረጎመው። ጋንጉሊ እንደየቦታው ቃሉን ይለዋውጣል። ቢቤክ ዴብሮይ ሳይተረጉም «ዳርማ» ብሎ ተወው። እስቲ እኛ ይሉኝታን ለባዕድ እንዴት እናስረዳለን? በአንድ ቃል አይቻልም። ግን ሦስት አራት ታሪክ ብንነግረው ይገባዋል። እርቦት እያለ «በልቻለሁ» ስላለ እንግዳ፣ ገንዘቡን መጠየቅ አፍሮ ስለቀረ አበዳሪ። ማሃባራታ ስለ ዳርማ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቃሉን አይፈታውም። ታሪክ በታሪክ ላይ ይነግርሃል። አሥረኛው ላይ ስትደርስ ቃሉ ቢተረጎም ባይተረጎም ግድ አይሰጥህም።

ሁለተኛው ነጥብ ቅኝ ግዛት ነው። ጅማሬው ላይ ትክክል ናቸው። ባጋቫድ ጊታ መጀመሪያ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመው በ1785 እ.ኤ.አ. ነው። ተርጓሚው ቻርልስ ዊልኪንስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። ዋረን ሄስቲንግስ፣ የቤንጋል ገዥው፣ መግቢያ የሚሆን ደብዳቤ ጽፎለታል። የሚገዙትን ሕዝብ ማወቅ ለመግዛት እንደሚጠቅም ሄስቲንግስ አልደበቀም። ይህን አልክድም።

ሙሉውን ማሃባራታ ግን ማን ተረጎመው? እዚህ ጋ ጽሑፉ ትልቁን ነገር ዘሎታል። መጀመሪያ ሙሉውን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ኪሳሪ ሞሃን ጋንጉሊ ነው። ቤንጋላዊ ነው። ካልካታ ተቀምጦ ከ1883 እስከ 1896 እ.ኤ.አ. ሠራው። 13 ዓመት! አሳታሚው ፕራታፕ ቻንድራ ሮይ የሚባል የካልካታ መጽሐፍ ነጋዴ ነበር። ጋንጉሊ ሥራው እስኪያልቅ ስሙ እንዲወጣ አልፈለገም። ሮይ ሥራው ሳያልቅ በ1895 ሞተ። የመጨረሻዎቹን ክፍሎች ያሳተመችው ሚስቱ ሱንዳሪ ባላ ሮይ ናት። አንድ ተርጓሚ ስሙን ደብቆ፣ አንድ ነጋዴ ገንዘቡን አፍስሶ፣ አንዲት መበለት የባሏን ሥራ ዳር አድርሳ የወጣ መጽሐፍ ነው። ይህን «የእንግሊዝ መነጽር» ብሎ ማለፍ በሰዎቹ ላይ መፍረድ ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህም ቢሆን ያው ነው። ፒ. ላል በኮልካታ እያንዳንዱን ሽሎካ በእንግሊዝኛ ግጥም ሲመልስ አሥርት ዓመታት አሳልፏል። በ2010 እና በ2014 እ.ኤ.አ. መካከል በ10 ቅጽ ሙሉ ትርጉም ያወጣው ቢቤክ ዴብሮይ የኢኮኖሚክስ ሰው ነው፤ የሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር የኢኮኖሚ አማካሪ ምክር ቤት ሰብሳቢም ነበር። በ2024 ነው ያረፈው። እንግሊዝኛ ዛሬ የታሚሉና የቤንጋሉ ሰው የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። በኃይል መጣ፣ አዎ። አሁን ግን የእነሱም ሆኗል።

ደግሞ ሕንዶች ራሳቸው ማሃባራታን በሳንስክሪት ብቻ የያዙት መቼ ነው? ፓምፓ በ10ኛው ክፍለ ዘመን በካናዳኛ ተቀኘው፤ ካናዳኛ ስል የደቡብ ሕንዱን ቋንቋ ነው። ናናያ በ11ኛው በቴሉጉ ጀመረው። ጃቫ ድረስ ተሻግሮ በአገሬው ቋንቋ ተጽፏል። በ1580ዎቹ ሕንድን ይገዛ የነበረው አጼ አክባር ወደ ፋርስኛ አስተርጉሞ በሥዕል አስጌጠው። ከ1988 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በሕንድ ቴሌቪዥን በ94 ክፍል የታየው በሂንዲ ነው፤ ንግግሩን የጻፈውም ራሂ ማሱም ራዛ የሚባል ሙስሊም ደራሲ ነው። እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ይል ነበር። እነዚያ ሁሉ ተመልካቾች ሳንስክሪት አያውቁም። ማሃባራታን ግን ያውቁታል።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ጠንካራ ቦታ ነው። «አንድ ማሃባራታ የለም» የሚሉት እውነት ነው። ከካሽሚር እስከ ኬራላ ቅጂዎቹ ይለያያሉ፤ ፊደላቸውም የተለያየ ነው። ለዚህ ነው ፑኔ ከተማ የሚገኘው የባንዳርካር የጥናት ተቋም በ1919 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ማነጻጸር የጀመረው። 1,259 ቅጂዎች አዩ። መሪው ሱክታንካር በ1943 ሞተ፤ ሥራው ሳይጠናቀቅ። ሌሎች ቀጠሉት። በ1966 አለቀ። ከ73,000 በላይ ሽሎካ ያለው ጽሑፍ ወጣ። በብዙ ቅጂዎች የማይገኘው ደግሞ ተጥሎ አልቀረም፤ በግርጌና በአባሪ ተቀመጠ። ጋንጉሊ የተረጎመው ከዚህ በፊት የነበረውን ሰፊውን ነው። ዴብሮይና ቫን ባይተነን የተረጎሙት ይህንን ነው።

ጸሐፊው ይህን እንደ ድክመት አዩት። እኔ ከምወዳቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። አንድ ምሳሌ ብቻ። ሕንድ ውስጥ ሕፃን የሚያውቀው ትዕይንት አለ። ድራውፓዲ፣ የአምስቱ ወንድሞች የጋራ ሚስት፣ በጉባኤ መካከል ልብሷን ሲገፏት ወደ አምላኩ ወደ ክሪሽና ትጸልያለች፤ ልብሱ ማለቂያ ያጣል። የፑኔው ጽሑፍ ላይ ልብሱ አያልቅም፤ ጸሎቷ ግን በዋናው ጽሑፍ ውስጥ የለም። ጋንጉሊን ስታነብ አምላኳ ሰማት። ዴብሮይን ስታነብ ማን እንዳዳናት አልተነገረህም። ልብሱ ብቻ ይመጣል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ አንድ ሌሊት ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም። የትኛው ይበልጣል? እስካሁን ልወስን አልቻልኩም።

የእኛ መምህራን ይህን ነገር አያፍሩበትም። በአንድምታ ትርጓሜ ንባቡን ያወርዱና «አንድም» እያሉ ሁለት ሦስት ፍቺ ያስከትላሉ። አንዱ ሌላውን አይሽርም። ፍቺው ስለበዛ ግን መጽሐፉ የለም ያለ መምህር የለም። በአንድምታ ባህል ያደገ አንባቢ የማሃባራታን ተርጓሚዎች ልዩነት ከማንም በላይ የሚታገሥ ይመስለኛል።

አሁን ወደ አራተኛው። ወዳጆቼን ከሁሉም በላይ ያሳመናቸውም፣ እኔን ከሁሉም በላይ የከነከነኝም ይህ ነው፦ «ማጠቃለያው ይበቃል፣ የቀረው ትርፍ ነው።»

ለጀማሪ ማጠቃለያ ጥሩ ነው። ጆን ስሚዝ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጣው አለ፤ ዋና ዋናውን ይተረጉማል፣ የቀረውን በአጭሩ ይተርካል። በዚያ መጀመር አያሳፍርም። የሙሉው ትርጉም ችግርም አለ። የጋንጉሊ እንግሊዝኛ የጥንት መጽሐፍ ቅዱስ ዓይነት ነው፤ ይደክማል። ከአምስቱ ወንድሞች አንዱ አርጁና አንዴ ፓርታ፣ አንዴ ዳናንጃያ፣ አንዴ ሳቭያሳቺ ይባላል፤ መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰው መስሎኝ ነበር። የጦር መሣሪያ ዝርዝር አለ፣ የቅዱሳን ወንዞች ዝርዝር አለ። 13ኛው መጽሐፍ ላይ ስለ ስጦታ የሚሰጠው ምክር ለሳምንታት አስቁሞኛል። ይህን ሁሉ አምናለሁ።

ግን ትርፍ የተባለውን እንየው። ዩዲሽቲራ፣ የአምስቱ ታላቅ፣ በቁማር መንግሥቱን አጥቶ ጫካ ተቀምጧል። አንድ ጠቢብ ይመጣል። ዩዲሽቲራ «ከእኔ የባሰ ዕድለ ቢስ ንጉሥ አይተህ ታውቃለህ?» ይለዋል። ጠቢቡ የናላን ታሪክ ይጀምርለታል። ናላም በቁማር መንግሥቱን ያጣ ንጉሥ ነው። ሚስቱን ዳማያንቲን ጫካ ውስጥ እንደተኛች ትቷት ይሄዳል። ታሪኩ ለብዙ ምዕራፍ ይቀጥላል። ማጠቃለያ የሚያወጣ ሰው «ከዋናው ታሪክ ጋር አይገናኝም» ብሎ ይቆርጠዋል። ግን ማን ለማን እንደሚነግረው አስቡ። ድራውፓዲ አጠገቡ ተቀምጣለች። ሚስቱን በቁማር ያስያዘው ሰው፣ ሚስቱን ጥሎ ስለሄደ ቁማርተኛ እየሰማ ነው፤ እሷም እየሰማች ነው። ይህ ትርፍ ነው? ለእኔ የመጽሐፉ ልብ ነው።

ወይም ሐይቁ ዳር ያለውን ውሰዱ። አራቱ ወንድሞች ውኃ ሊጠጡ ሄደው ሞተው ወድቀዋል። ሐይቁን የሚጠብቀው መንፈስ ዩዲሽቲራን ጥያቄ በጥያቄ ላይ ያዥጎደጉድበታል። ጋንጉሊ ከተረጎመው ውስጥ አንዱ «ከሁሉ የሚደንቀው ነገር ምንድን ነው?» የሚል ነው። መልሱም፦ በየቀኑ ሰው ይሞታል፣ የቀረው ግን እኔ አልሞትም ብሎ ያስባል። በመጨረሻ መንፈሱ «ከወንድሞችህ አንዱን ላስነሣልህ፣ ማንን?» ይለዋል። ጦርነት እየመጣ ነው። ብርቱው ቢማ አለ፣ ቀስተኛው አርጁና አለ። ዩዲሽቲራ ናኩላን ይመርጣል። ለምን? አባታቸው ሁለት ሚስት ነበረው። ከእናቴ ከኩንቲ እኔ አለሁ፣ ከማድሪም አንድ ልጅ ይቅር ነው የሚለው። እኔ እዚህ ገጽ ላይ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። መውረጃዬን አለፍኩት።

ከሁሉም በላይ ግን ከጦርነቱ በኋላ ያለው ነው። 300 ገጽ ያለው ማጠቃለያ ጦርነቱ ሲያልቅ ያልቃል። ሙሉው መጽሐፍ ላይ ገና ዘጠኝ መጽሐፍ ይቀራል። አሸናፊዎቹ ተኝተው ሳለ የድሮና ልጅ አሽዋታማ በሌሊት ሰፈራቸው ገብቶ ልጆቻቸውን ያርዳል። ከዚያ ሴቶቹ ወደ ጦር ሜዳው ይወጣሉ። ጋንዳሪ፣ መቶ ልጆች የሞቱባት እናት፣ ሬሳዎቹን አንድ በአንድ እየጠራች ታለቅሳለች። ክሪሽናን «ማስቆም ትችል ነበር» ብላ ትረግመዋለች። ዩዲሽቲራ የገደሉት ካርና የእናቱ የመጀመሪያ ልጅ፣ ወንድማቸው፣ እንደነበረ ያን ጊዜ ይሰማል። ድሉ ሽንፈት መሰለኝ ይላል። አልነግሥም፣ ጫካ እገባለሁ ይላል። ጸሐፊው «የካህናት ምክር» ያሉት 12ኛው መጽሐፍ፣ ከሁሉም ረጅሙ፣ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አያታቸው ቢሽማ በቀስት አልጋ ላይ ተኝቶ ሞቱን እየጠበቀ ለዚህ መንገሥ ለማይፈልግ ሰው ይናገራል። ወንድም ወንድሙን ከገደለ በኋላ አገር እንዴት ይተዳደራል? ምክሩን ከለቅሶው ለይተህ ካነበብከው ይሰለቻል፣ አዎ። ከለቅሶው በኋላ ካነበብከው ግን ሰውየው በሕይወት እንዲቆይ የሚለምኑት ያህል ነው።

የወንድማማች ጦርነት ምን እንደሚያስቀር የምናውቅ ሰዎች ይህን ክፍል ቆርጠን ብናነብ ምን እናገኛለን?

አምስተኛው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግማሹን እስካሁን መልሼዋለሁ። መጽሐፉ ውስጥ የዘር መደብ አለ። ሴትን የሚያዋርዱ ስንኞች አሉ፤ አንዳንዶቹን ሳነብ ተናድጃለሁ፤ ማለሳለስ አልፈልግም። እምነታቸውም የእኔ እምነት አይደለም። ግን የኤካላቪያ ጣት በማን ነው የተጻፈው? በዚሁ መጽሐፍ ነው። ግፉን ያደረጉት ራሳቸው ጀግኖቹ እንደሆኑ የነገረን እሱ ነው። ደግሞም ቬዳዎቹን፣ የሕንዶችን ጥንታዊ ቅዱሳት መጻሕፍት፣ እንዳይሰሙ ለተከለከሉ ሴቶችና ዝቅ ለተደረጉ ሰዎች የተሰጠ መጽሐፍ ነው ይላል የራሳቸው ትውፊት። ለዚህም አምስተኛው ቬዳ ይሉታል።

የሴቶችን ነገር ካነሳን ድራውፓዲን መስማት አለብን። ዩዲሽቲራ በቁማሩ ንብረቱን ያስይዛል፣ ይሸነፋል። ወንድሞቹን አንድ በአንድ፣ ይሸነፋል። ራሱን፣ ይሸነፋል። በመጨረሻ ሚስቱን። መልእክተኛ «አገልጋይ ሆነሻል፣ ነይ» ብሎ ሲጠራት አላለቀሰችም። «ሂድና ቁማርተኛውን ጠይቀው። መጀመሪያ የተሸነፈው ራሱን ነው ወይስ እኔን?» አለች። ራሱን ካጣ በኋላ ባሪያ ነው። ባሪያ ደግሞ ሚስቱን አስይዞ መጫወት ይችላል? በፀጉሯ እየተጎተተች ጉባኤው መካከል ከቆመች በኋላም ጥያቄዋን አልተወችም። ቢሽማ፣ ሕግ አዋቂው፣ «ዳርማ ረቂቅ ነው፣ መመለስ አልችልም» አለ። ከመቶው ወንድሞች አንዱ፣ ቪካርና፣ ተነሥቶ «አልተሸነፈችም» አለ። ዝም አሰኙት። በመጨረሻም ዓይነ ስውሩ ንጉሥ፣ የመቶው አባት፣ ክፉ ምልክት ሰምቶ ፈራና ምርጫ ሰጣት። ባሎቿን ከባርነት አስፈታች። ለጥያቄዋ ግን ቁርጥ ያለ መልስ የሰጣት የለም።

ማጠቃለያዎቹ ላይ ይህ አንድ አንቀጽ ነው፤ ልብሱ ላይ ያተኩራሉ። ሙሉው ትርጉም ላይ ክርክሩ ምዕራፍ ከምዕራፍ ይቀጥላል።

ለጸሐፊው አንድ ሐሳብ አለኝ። ሁለተኛውን መጽሐፍ፣ ሳባ ፓርቫን፣ ብቻ ያንብቡልኝ፤ ከእኔ ሊዋሱት ይችላሉ። በየትኛውም ትርጉም ይሁን። ከዚያ ለድራውፓዲ መልስዎን ይጻፉልን። በቪካርና ወገን ነዎት ወይስ በቢሽማ? እኔ በቪካርና ወገን ነኝ። ወዳጄ፣ «ምን ልትል ነው?» ያለኝ፣ ትናንት ያንን ክፍል አንብቦ ደውሎልኝ ነበር። እሱ ከቢሽማ ጋር ነው። አንድ ሰዓት ተከራከርን፣ አልተስማማንም።